ለሰው መድኃኒቱ ሰው ነው፤ ገና በጣና ዳር

  

ርዕሳችን ብቸኝነት ነው። «ብቸኝነት ደሞ ከኤችአይቪ ጋር ምን አገናኘው?» የምትሉ አትጠፉም። በትምህርት ቤታችን ፀረ ኤድስ ክበብ ስብሰባ ላይም አንድ ተማሪ ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ስለሆነ ቀስ ብለን እንመልሰዋለን። ለመነሻ ያህል ግን ይህን ልበላችሁ። ኤችአይቪ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍባቸውን መንገዶች አብዛኞቻችሁ በቃላችሁ ታውቋቸዋላችሁ። ይሁን እንጂ ዕውቀቱ እያለው ራሱን ለአደጋ የሚያጋልጥ ወጣት አለ። መድኃኒቱን በእጁ ይዞ የማይውጥ ሰውም አለ። «ለምን?» ብላችሁ ጠጋ ብላችሁ ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ የምታገኙት መልስ «ሰው የለኝም» የሚል ነው።

እኔ የምኖረውና የማስተምረው ባህር ዳር ነው። ተወልጄ ያደግሁት ሌላ አካባቢ ስለሆነ ዘመድ በሌለበት ከተማ በዓል ምን እንደሚመስል አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከንባብ ያገኘሁትንም፣ ተከራይቼ በምኖርበት ግቢ ያየሁትንም አዋህጄ አካፍላችኋለሁ።

ብቻ መሆንና ብቸኝነት

እነዚህ ሁለት ነገሮች አንድ አይደሉም። ጣና ዳር ከዛፍ ሥር ተቀምጦ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ ብቻውን ነው፤ ብቸኝነት ግን ላይሰማው ይችላል። በሐይቁ ላይ ባሉት በክብራን ገብርኤልና በዳጋ እስጢፋኖስ ገዳማት ያሉ መነኮሳትም ብቻ መሆንን ፈልገውና መርጠው የገቡ ናቸው። ብቸኝነት ማለት ሰው የሚፈልገውን ያህል የቅርብ ሰው ሲያጣ የሚሰማው ስሜት ነው። ሃምሳ ተማሪ በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ ሆኖም ሊሰማ ይችላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 ዓ.ም ሰኔ ወር ባወጣው ሪፖርት፣ በዓለም ላይ ከ6 ሰዎች አንዱ ብቸኝነት እንደሚሰማው ገልጿል። ከ13 እስከ 29 ዓመት ባሉት መካከል ደግሞ ብቸኝነት የሚሰማቸው ከ17 እስከ 21 በመቶ ሲሆኑ፣ ከፍ ብሎ የታየውም በአሥራዎቹ ዕድሜ ላይ ባሉት ነው። ማለትም በእናንተው ዕድሜ! «ይሄ የፈረንጆች ችግር ነው» እንዳንል ደግሞ፣ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 24 በመቶ ያህሉ ሰው ብቸኝነት እንደሚሰማው፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ግን 11 በመቶ ገደማ እንደሆነ ሪፖርቱ ያሳያል። ብቸኝነት ለልብ ሕመም፣ ለስትሮክና ለድብርት የሚያጋልጥ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ871,000 በላይ ከሚሆን ሞት ጋር እንደሚያያዝም ተገምቷል። እንግዲህ ነገሩ «ስሜት ነው፣ ያልፋል» ተብሎ ብቻ የሚታለፍ አይደለም ማለት ነው።

በገና ዕለት ብቻውን የሚሆነው ማነው?

የገና በዓል ታህሳስ 29 ቀን ይውላል። በአራት ዓመት አንዴ፣ በዘመነ ዮሐንስ፣ ታህሳስ 28 ላይ ይከበራል። ከህዳር 15 ጀምሮ ሲጾም የቆየው ምዕመን ጾሙን የሚፈታው በዚህ ዕለት ስለሆነ በየቤቱ ዶሮ ይሠራል፣ ቄጤማ ይጎዘጎዛል፣ ቤተ ዘመድ ይሰበሰባል። የባህር ዳር ጎዳናዎችም ከወትሮው ጭር ይላሉ። ሁሉም ቤቱ ገብቷል።

ቤት የሌለውስ የት ይገባል? እስቲ በከተማችን ያሉትን እንቁጠር። ከገጠር ቀበሌ መጥተው አንዲት ክፍል ተከራይተው የሚማሩ የእናንተው ጓደኞች አሉ። ስንቃቸው እንጀራ፣ ሽሮና በርበሬ ነው፤ ሲያልቅ ሄደው ያመጣሉ ወይም ይላክላቸዋል። ገና የሚውለው በትምህርት መሃል ስለሆነ ቤታቸው የራቀ ሁሉ ደርሶ መመለስ አይችልም። ባህር ዳር ዩኒቨርሲቲ በ1992 ዓ.ም የቀድሞው የፖሊቴክኒክ ተቋምና የመምህራን ኮሌጁ ተዋህደው ሲመሠረት ጀምሮ ከአገሪቱ አራቱም ማዕዘን ተማሪ ሲቀበል ኖሯል፤ አብዛኞቹ የገናን ዕለት የሚያሳልፉት በግቢያቸው ነው። በግንባታ ሥራ ላይ የተሰማሩ የቀን ሠራተኞች አሉ። በሰው ቤት የሚሠሩ፣ የሰው በዓል አድምቀው እነርሱ ከጓዳ የማይወጡ ልጃገረዶች አሉ። ጎዳና ላይ የሚያድሩ ልጆች አሉ። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በደረሰው ጦርነትና ግጭት ቀያቸውን ጥለው የመጡ አሉ።

ሌላም ዓይነት ሰው አለ። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ካወቀ በኋላ የሚያውቁት ሰዎች እንዳያዩት ብሎ፣ በአካባቢው ጤና ጣቢያ እያለ ርቆ መጥቶ መድኃኒት የሚወስድ ሰው። ይህ ሰው ከዘመዱ የራቀው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም።

የእግዜር እንግዳ

ማያውቁትን ሰው ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። በጎጃምም ሆነ በጎንደር ገጠር መንገደኛ ሲመሽበት ደጃፍ ላይ ቆሞ «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ ነኝ» ይላል። መልሱም «ቤት የእግዜር ነው፣ ይግቡ» ነው። ስሙ፣ ዘሩ፣ የኪሱ ገንዘብ መጀመሪያ አይጠየቅም። እግሩ ይታጠባል፣ የተገኘው ይቀርብለታል።

በጣና ዙሪያና በጎጃም ያሉት የአብነት ትምህርት ቤቶች ዘመናትን የተሻገሩትም በዚሁ ባህል ነው። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ተለይቶ ርቆ ይሄዳል። ለምዱን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ በየደጁ ይዞራል። የማያውቀው ሰው እናት በእጇ እየቆረሰች ትሰጠዋለች። በርካታ የአገራችን ሊቃውንት ያደጉት የማያውቋቸው እናቶች በሰጧቸው ቁራሽ ነው።

ከባህር ዳር በስተምሥራቅ፣ በዚሁ በአማራ ክልል፣ የላሊበላን ገና ያየ ደግሞ ይህንኑ ባህል በትልቁ ያየዋል። የገና ዕለት የንጉሥ ላሊበላም ልደት ሆኖ ስለሚከበር ምዕመናን ቀናትን በእግራቸው ተጉዘው ይገባሉ። በቤተ ማርያም ዙሪያ «ቤዛ ኩሉ» ሲወረብ ለማየት ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው ተፋፍጎ ያድራል። የከተማው ነዋሪ የመንገደኞቹን እግር ያጥባል፣ ያበላል፣ ያሳድራል። ከዚያ በፊት ተያይተው የማያውቁ ሰዎች አንድ ሳር ላይ ጎን ለጎን ይተኛሉ።

የገና ጨዋታስ? በሜዳው ላይ ጌታና ሎሌ እኩል ሩሩን ይመቱ ነበር። በገና ጨዋታ ጌታው እንኳ አይቆጣም የሚባለው ለዚህ ነው። ይህ በዓል ሰውን ከሰው የሚለየውን አጥር ለአንድ ቀንም ቢሆን ዝቅ ያደርገዋል።

ማዕዱ የተከፈለበት ጊዜ

ይህን ሁሉ መልካም ነገር ስናወራ ሌላውንም ገጽ መደበቅ የለብንም። በዚሁ በጣና ዳር የሚኖሩት የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አባላት ደንገል አጭደው ታንኳ በመሥራት የታወቁ፣ ከሐይቁ ጋር የኖሩ ሰዎች ናቸው። ለረጅም ዘመን ግን ጎረቤቶቻቸው ከእነርሱ ጋር አንድ ማዕድ አይቀርቡም ነበር። ምክንያት ተደርጎ የሚነገረው ቀደምቶቻቸው የጉማሬ ሥጋ ይበሉ ነበር የሚል ነው። ሰዉ በሠሩት ታንኳ ይጠቀማል፤ አብሯቸው መብላት ግን ይጠየፋል። ይህ መገለል ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም። እንግዲህ አስተውሉ፣ እዚህ ምንም በሽታ የለም። መገለል በሽታ ባይኖርም ይኖራል፤ በሽታ ሲመጣ ደግሞ ምክንያት ያገኛል።

ኤችአይቪ በኢትዮጵያ መኖሩ የታወቀው በ1976 ዓ.ም ከተወሰደ የደም ናሙና ሲሆን፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን በ1978 ዓ.ም ተመዘገቡ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ፍርሃት በየቤቱ ገባ። የታመመ ሰው ብርጭቆው ተለየ፣ ማንኪያው ተለየ፣ ፍራሹ ተለየ። ያ የእግዜር እንግዳን እግር ሲያጥብ የኖረ ሕዝብ የገዛ ልጁን እጅ መንካት ፈራ።

ይህን አጥር መጀመሪያ ያፈረሱት ራሳቸው ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ ወገኖች ነበሩ። በ1990 ዓ.ም የተመሠረተው ተስፋ ጎህ ኢትዮጵያ የተሰኘው ማኅበር አባላት አደባባይ ወጥተው «እኛ ነን፣ አለን» አሉ። ቀድሞ የማይተዋወቁ፣ እያንዳንዳቸው «በዚህ አገር እኔ ብቻ ነኝ» ብለው ያስቡ የነበሩ ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተገናኙ። በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ወገን የተባለው የ952 የስልክ መስመር ሥራ ጀመረ። ደዋዩ ስሙን ሳይናገር፣ መልኩን ከማያውቀው አማካሪ ጋር ጭንቀቱን ይነጋገር ነበር። ብዙዎች «ኤችአይቪ» የሚለውን ቃል ስለ ራሳቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገሩት እንዲህ ላለ እንግዳ ድምፅ ነው።

መድኃኒቱ መጀመሪያ በ1995 ዓ.ም በክፍያ፣ ከጥር 1997 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በነጻ መሰጠት ጀመረ። በዚያን ጊዜ ጠበል ስለሚጠመቁ መድኃኒቱን የሚያቋርጡ ብዙዎች ነበሩ። በ1999 ዓ.ም ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መግለጻቸው ለብዙዎች ዕረፍት ሰጠ።

በአንድ ግቢ የዋለ ገና

አሁን ወደ ራሴ ግቢ ላምጣችሁ። የሚመለከታት ሰው ፈቅዳልኛለች፤ እንዳትታወቅ ግን አንዳንድ ዝርዝር ቀይሬያለሁ።

ግቢያችን ከሐይቁ ብዙ አይርቅም። አከራያችን ባለቤታቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ አሮጊት ናቸው፤ ሁላችንም እማማ እንላቸዋለን። በግቢው ውስጥ ከእኔ ሌላ ከገጠር መጥታ ከታናሽ ወንድሟ ጋር የምትማር የ10ኛ ክፍል ተማሪ፣ አንድ ሲሚንቶ ሲያቦካ የሚውል የቀን ሠራተኛ፣ አንድ ልብስ ሰፊና ጉልት ላይ ሽንኩርትና ቲማቲም የምትሸጥ ሴት ተከራይተን እንኖራለን። ሴትዮዋ ሰላምታ ትሰጣለች፣ ከዚያ በሯን ትዘጋለች። አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቧንቧ እየቀዳን በቅጡ አልተዋወቅንም ነበር።

የገና ዋዜማ ማታ እማማ በየበራችን እየዞሩ አንኳኩ። «ነገ በዚህ ግቢ አምስት ምድጃ አይነድም። አንድ ወጥ ነው የሚሠራው። ያለው ያለውን ያምጣ፣ የሌለው እጁን ያምጣ» አሉን።

ዶሮዋን እኔና እማማ ገዛን። ሽንኩርቱ ከጉልት መጣ። ተማሪዋ እናቷ የላከችላትን በርበሬ አወጣች፣ ወንድሟ ከሐይቁ ዳር ቄጤማ አጭዶ ይዞ ገባ። የቀን ሠራተኛው «እኔ ምንም የለኝም» ሲል እማማ መጥረቢያ ሰጡት፤ እንጨቱን ሁሉ ፈልጦ ደረደረው። ልብስ ሰፊው ሙስሊም ስለሆነ ሥጋው እንደማይመለከተው ሁላችንም እናውቃለን። ለእሱ ድፎ ዳቦ ተለይቶ ተቀመጠ፤ እሱም ስኳርና ቡና ይዞ መጣ፤ ቡናው የዘጌ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ መሶቡ ሲቀርብ ያቺ ሴት ከበሩ አጠገብ ራቅ ብላ ተቀመጠች። «እማማ፣ ለእኔ በሳህን ለብቻ ይቀንሱልኝ፤ ጉንፋን ይዞኛል» አለች። እማማ ቀና ብለው አዩዋትና «ጉንፋን ከሆነማ ዶሮው መድኃኒቱ ነው፤ ነይ ወዲህ» አሏት። ሳቅን። እሷ ግን አልሳቀችም። ተነስታ መጥታ መሶቡ አጠገብ እንደተቀመጠች እማማ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለእሷ ዘረጉ። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ፤ «በርበሬው በዛ እንዴ?» ብለው አለፉት።

ማታ ቡናው አቦል ተጠጥቶ ቶናው ሊቀዳ ሲል፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ የሴትዮዋ ስልክ ጮኸ። ጥሪ አልነበረም፤ የማንቂያ ድምፅ ነው። ፈጥና አጠፋችውና ዝም ብላ ተቀመጠች። የ10ኛ ክፍሏ ተማሪ ምንም ሳትናገር ተነሳች፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሴትዮዋ ፊት አስቀመጠች፣ ተመልሳም ከወንድሟ ጋር የጀመረችውን ወሬ ቀጠለች። ሴትዮዋ ውሃውን ጥቂት አየችው። ከዚያ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮዋን ፈትታ አንዲት ክኒን አወጣችና እዚያው በመካከላችን ዋጠች። ማንም ወሬውን አላቋረጠም። እማማ ቶናውን ቀዱ።

ከሳምንታት በኋላ ራሷ አጫወተችኝ። በበዓል ቀናት መድኃኒቷን የምትዘልበት ጊዜ ነበር። «ረስቼው እንዳይመስልህ» አለችኝ። «ሁሉም ቤት ሳቅ ይሰማል፤ እኔ አልጋዬ ላይ ተቀምጬ ክኒኑን አየዋለሁ። ለማን ብዬ ልዋጠው? እላለሁ።»

አንድ የገና ምሳ የሴትዮዋን ሕይወት ገለበጠው ብዬ አልዋሻችሁም። ለቤተሰቦቿ እስካሁን አልነገረችም። ጉልቱም እንደ ድሮው ነው። ነገር ግን የማታ ክኒኗን አትዘልም። ስትዘገይ ተማሪዋ በሯን ታንኳኳለች፤ ተማሪዋ ከጥናት ስትዘገይ ደግሞ እሷ መንገድ ወጥታ ትጠብቃታለች። በመጨረሻ ባደረገችው ምርመራ በደሟ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በመሣሪያ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሷል።

ከዚህ ምን እንማራለን?

አንደኛ፣ አብሮ በመብላት፣ በመጎራረስ፣ በመጨባበጥ፣ በመተቃቀፍ፣ በአንድ ብርጭቆ በመጠጣት ወይም በአንድ መጸዳጃ ቤት በመጠቀም ኤችአይቪ አይተላለፍም። የሚተላለፈው ጥንቃቄ በጎደለው የግብረ ሥጋ ግንኙነት፣ በተበከለ ደምና ስለታም መሣሪያ፣ እንዲሁም ከእናት ወደ ልጅ ነው። እናትየዋ መድኃኒቷን በአግባቡ ከወሰደች ወደ ልጇ የመተላለፉ ዕድል እጅግ ይቀንሳል።

ሁለተኛ፣ ዛሬ ሕክምናው ከድሮው በጣም ቀሏል። አብዛኛው ሰው በቀን አንድ ክኒን ነው የሚውጠው። መድኃኒቱን ሳያቋርጥ የሚወስድና የቫይረሱ መጠን በምርመራ የማይታይ ደረጃ ላይ ደርሶ በዚያው የቆየ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ ሰው አያስተላልፍም። ይህ በብዙ አገሮች በተካሄዱ ጥናቶች የተረጋገጠ ነው። ታዲያ አንድ ሰው መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ የሚያበረታታው ጎረቤት ለበሽተኛው ብቻ አልጠቀመም፤ ለከተማው ሁሉ ነው የጠቀመው።

ሦስተኛ፣ «ኤችአይቪ እኮ ጠፍቷል» የሚል ወሬ ስትሰሙ አትቀበሉ። በ2010 ዓ.ም በአገራችን ከተሞች በተካሄደ ጥናት ከ15 እስከ 64 ዓመት ከሆኑት ነዋሪዎች 3 በመቶው ቫይረሱ በደማቸው ተገኝቷል። ከመቶ ሰው ሦስት ማለት ነው። በእያንዳንዱ ሰፈር፣ በእያንዳንዱ ዕድር ውስጥ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ብቸኝነት ሲያታልል

አሁን ደግሞ ስለ ራሳችሁ እንነጋገር። ብቸኝነት እንደ ረሃብ ነው፤ የራበው ሰው የቀረበለትን ሳይመርጥ ይበላል። በበዓል ሰሞን ብቻዋን የሆነች ልጅ ዘንድ «አይዞሽ፣ እኔ አለሁልሽ» የሚል ሹገር ዳዲ ቢመጣ ቃሉ ይጥማል። ብቻውን የሆነ ልጅም «ና እንዝናና» ያሉትን ተከትሎ መጠጥ ቤት ያመሻል፤ ሞቅ ሲለው ኮንዶም የሚባለውንም፣ ያወቀውን ሁሉ ይረሳል። በቴሌግራምና በቲክቶክ የተዋወቃችሁት ሰው ደግሞ በስልኩ ውስጥ የሚመስለውን ላይሆን ይችላል።

ታዲያ እንግዳን ሁሉ እንሽሽ? በፍጹም። መለያውን ግን እወቁ። የግቢያችን ገና በቀን ብርሃን፣ በር ተከፍቶ፣ ሽማግሌም ልጅም ባለበት የተደረገ ነው። ማንም ለበላው ነገር ምላሽ አልተጠየቀም። ጓደኝነቱን ከሁሉም ሰው እንድትደብቁለት የሚጠይቅ፣ ስጦታ ሰጥቶ ውለታ የሚቆጥር፣ ብቻችሁን ወደማታውቁት ቦታ የሚጠራ ሰው ግን ብቸኝነታችሁን የሚያስወግድ አይደለም፤ ሊጠቀምበት የፈለገ ነው። የምትሄዱበትን ቦታ ሁልጊዜ ለአንድ የምታምኑት ሰው ተናገሩ። ጥቃት የደረሰበት ሰው ካለ ደግሞ ሳይውል ሳያድር፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ አለበት፤ ቫይረሱ እንዳይዝ የሚከላከል መድኃኒት አለ። ጥፋቱ የተጠቃው ሰው አይደለም።

በዚህ ገና ምን እናድርግ?

1. ዙሪያችሁን ተመልከቱ። ከክፍላችሁ ቤቱ የማይሄደው ማነው? በግቢያችሁ በሩ የሚዘጋው የማን ነው? በወላጆቻችሁ ቤት የምትሠራው ልጅስ በገና ዕለት የምትበላው ከእናንተ ጋር ነው ወይስ ጓዳ?

2. ቀደም ብላችሁ፣ ከወላጆቻችሁ ጋር ተማክራችሁ ጋብዙ። «ና ብላ» ከማለት «አብረን እንዋል» ማለት ይሻላል። ሥራም ስጡት፤ እንጨት ይፍለጥ፣ ቡና ትቁላ። እጁን ያስገባ ሰው ባለቤት እንጂ ተመጽዋች አይሆንም።

3. ስለ ጤናው አትጠይቁ። የአንድን ሰው የምርመራ ውጤት የመናገር መብት ያለው እሱ ራሱ ብቻ ነው። ብታውቁም ለማንም አታውሩ። የእኛዋ ተማሪ ውሃውን አቅርባ ዝም ማለቷን አስታውሱ።

4. ፎቶ አታንሱ። የሰው ችግር ለፌስቡክና ለቲክቶክ ማድመቂያ አይደለም።

5. በክበባችሁ በኩልም ተንቀሳቀሱ። በ2002 ዓ.ም ገደማ በአቶ ቢኒያም በለጠ የተመሠረተው የመቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል ጥቂት ሰዎችን በመሰብሰብ ነበር የጀመረው። ዛሬ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ይረዳል፤ በበዓላት ቀን ብዙ ወጣቶች ሄደው ማዕድ ይጋራሉ። በየከተማችሁ ተመሳሳይ ቦታ ፈልጉ።

6. ከበዓሉ በኋላም አትጥፉ። ገና አንድ ቀን ነው። ከ12 ቀን በኋላ ጥምቀት ይመጣል፤ በመካከሉም ተራ ቀናት አሉ። ብቸኛ ሰው የሚፈተነው በተራው ቀን ነው። ለሙስሊም ተማሪዎቻችንም ይኸው ምክር በኢድ ይሠራል።

7. ብቸኛው ሰው አንተ ወይም አንቺ ከሆናችሁስ? ጠሪ አትጠብቁ፤ አንኳኩ። የክበብ ተጠሪ መምህራችሁን፣ በጤና ጣቢያ ያለውን አማካሪ፣ ከጎረቤት ያሉትን እናት አነጋግሩ። የጨነቀው ሰው ችግሩን መናገሩ ድክመት አይደለም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚባለው በከንቱ አይደለም።

የመወያያ ጥያቄዎች

ሀ. ብቻ መሆንና ብቸኝነት እንዴት ይለያያሉ? ከራሳችሁ ሕይወት ምሳሌ ስጡ።

ለ. በአካባቢያችሁ «ከእነርሱ ጋር አይበላም» የሚባሉ ሰዎች አሉ? ምክንያቱ ምን እንደሆነ ይነገራል? እውነት ነው?

ሐ. ተማሪዋ ውሃውን አቅርባ ምንም ባለመናገሯ ምን ጠቀመች? ብትናገር ኖሮ ምን ሊፈጠር ይችል ነበር?

መ. ከማያውቁት ሰው ጋር የሚደረግን ጤናማ ትውውቅ ከአደገኛው የምንለይባቸውን ሦስት ምልክቶች ዘርዝሩ።

ሠ. ክበባችሁ ለመጪው በዓል የሚያደርገውን አንድ ነገር ወስኑ። ማን፣ መቼ፣ በምን ገንዘብ እንደሚሠራው ጻፉ።

ውድ ተማሪዎች፣ አበው «ለብቻው የበላ ለብቻው ይሞታል» ይላሉ። አንድ ዶሮ 12 ብልት ይወጣዋል፤ ለአንድ ቤት ይተርፋል። በዓላችሁን ስታከብሩ መሶቡ ዙሪያ አንድ ቦታ ጨምሩ። መልካም በዓል!